ሰንሰለት የማይበላው ቀሚስ

ሰላም ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ሆላንድ እንደሄድኩ የሰማችሁ ሰዎች «ቱሊፑስ? የነፋስ ወፍጮውስ?» እያላችሁ ስትጽፉልኝ ነበር። ቱሊፕ የለም። ቱሊፕ የሚያብበው ሚያዝያ አካባቢ ነው፣ እኔ የሄድኩት ነሐሴ ላይ። አይብም አልቀመስኩም፣ ፍልሰታ ነበር። ታዲያ ምን ስትሠሪ ከረምሽ ካላችሁኝ፣ አሮጌ ብስክሌት ከሚሸጥበት ሱቅ አሮጌ ብስክሌት ወደሚጠገንበት ሱቅ ስዞር፣ በመካከሉ ደግሞ ራሴ ስነዳ። ዕረፍቴ ይኼው ነው። የዛሬው ወሬዬም፣ ሳቁብኝ ግድ የለም፣ ስለ ሰንሰለት መሸፈኛ ነው።

ያረፍኩት አርንሄም፣ አክስቴ ቤት ነው። እኔ ከምኖርባት ከጀርመኗ ፍራንክፈርት በባቡር ሩቅ አይደለም። አክስቴ ስድሳውን አልፋለች፤ ጉልበቴን ትላለች፣ ደረጃ ስትወጣ «እመብርሃን» ሳትል አንድ እግሯን አታነሳም። አንድ ቀን በመስኮት ቁልቁል ሳይ ግን፣ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ብስክሌት ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ እየሄደች ነው። ቅዳሴ ልትሄድ። ቤተ ክርስቲያኑ ሌላ ከተማ ስለሆነ እስከ ጣቢያው በብስክሌት፣ ከዚያ በባቡር። ስትመለስ «አክስቴ፣ ቀሚስሽን አይዝብሽም?» አልኳት። «ምኑ ነው የሚይዘው፣ አንቺ?» አለችኝ። ጥያቄዬ ራሱ አልገባትም።

ወረድኩና ብስክሌቷን በደንብ አየኋት። ኦማፊትስ የሚሏት ዓይነት ናት፣ የሴት አያት ብስክሌት። ጥቁር፣ ከባድ፣ ዝም ያለች። መካከለኛው ብረት ዝቅ ብሎ ስለታጠፈ እግር አንስቶ መሻገር የለም፣ ገብቶ መቀመጥ ነው። መሪዋ ወደ ኋላ፣ ወደ ነጂው ይመጣል፣ ስለዚህ ማጎንበስ የለም። ሰንሰለቱ ከፊተኛው ጥርስ እስከ ኋለኛው ድረስ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል፣ አንድ ዘለበቱ እንኳ አይታይም። የኋላው ጎማ የላይኛው ግማሽ ግራና ቀኙ ጨርቅ ተወጥሮበታል፣ ካፖርትም ይሁን ነጠላ ሽቦዎቹ ውስጥ እንዳይገባ። ፍሬኑም እግር ላይ ነው፤ ፔዳሉን ወደ ኋላ ስትረግጡት ጎማው ይያዛል፣ ሁሉ ነገሩ ያለው ጎማው መሐል ላይ ባለው ከበሮ ውስጥ ነው። በአጭሩ የሚሽከረከር፣ የሚነክስ፣ የሚያቆሽሽ ነገር ሁሉ ተደብቋል። ይህችን ብስክሌት የሠራ ሰው ከልብስ ነው የጀመረው። ሰውየው ወይም ሴትየዋ ዛሬ የለበሱትን እንደለበሱ ይውጡ፣ ከዚያ ስለ ሌላው እናስባለን፣ ያለ ይመስላል።

እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ባሕር ዳርን የሚያውቃት ያውቃታል፣ ሜዳ ናት፣ መንገዷ ሰፊ ነው፣ ግራና ቀኙ ዘንባባ ነው። ብስክሌት በሰዓት ተከራይተን ነበር የምንነዳው። ቻይና ሠራሽ፣ ፍሬኑ በብረት ዘንግ የሚጎተት፣ ሰንሰለቱ ደግሞ ባዶውን። ሲገዛ መሸፈኛ የነበረው ይመስለኛል፤ እኛ እጅ ሲደርስ ግን አንዱ ነቅሎታል፣ ወይ እያንኳኳ ሲያስቸግር ተጥሏል። ወንዶቹ የሱሪያቸውን እግር ካልሲ ውስጥ ይከቱታል። እኛስ? እናቴ አንድም ቀን ብስክሌት አትንጂ ብላኝ አታውቅም። የምትለኝ «ቀሚስሽን ሰንሰለት አስበልተሽ እንዳትመጪ» ብቻ ነበር። ይበላዋላ! ጫፉ ተቦጭቆ፣ ጥቁር ግራሶ ተለቅልቆ፣ በሳሙናም በሎሚም የማይለቅ። ብዙ ሴት ልጆች ብስክሌት የተዉት ፈርተው ወይም ተከልክለው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቀሚስ ውድ ነው፣ በቃ።

ወደ ሆላንድ ልመልሳችሁ። አምስተርዳም ብዙም አልቆየሁም። አሮጌ ብስክሌት የሚሸጡ ቆንጆ ቆንጆ ሱቆች አሉ፣ ቀለሙ ታድሶ፣ ኮርቻው ቡናማ ቆዳ ሆኖ፣ ቅርጫቱ ላይ አበባ ተደርጎበት። ፎቶ ይወጣል። ለእኔ ግን የቡና ቤት ጌጥ ሆኑብኝ። ውጭ ያሉት፣ ድልድይ ላይ ታስረው ዝናብ የሚመታቸው፣ ዝገት የጀመራቸው፣ እነሱ ይሻላሉ። ሕዝቡ 18 ሚሊዮን ገደማ ነው፣ ብስክሌቱ ከ20 ሚሊዮን ይበልጣል፣ ታዲያ ማን ያጥባቸዋል? ከአምስተርዳም ቦዮች ብቻ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ብስክሌት በጀልባ ክሬን ተጎትቶ ይወጣል። ንብረት ናት፣ ግን አይሳሱላትም።

የተደሰትኩት በምሥራቅ በኩል ነው፣ አይሰል በሚባለው ወንዝ ዳርና ዳር። እዚያ መንገድ ለማግኘት ስልክ አያስፈልግም። የብስክሌት መንገዶቹ የሚገናኙባቸው ቦታዎች ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ የምትሄዱበትን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ትጽፋላችሁ፣ መሪው ላይ በፕላስተር ትለጥፉታላችሁ፣ ከዚያ ከቁጥር ወደ ቁጥር ነው። ይህ ዘዴ የመጣው ከጎረቤት ከቤልጂየም ነው፣ በ1990ዎቹ። ያሰበው ሰው የማዕድን መሐንዲስ ነበር፤ የድንጋይ ከሰል ዋሻ ውስጥ መተላለፊያዎች በቁጥር እንደሚለዩ አይቶ ነው ወደ ላይ ያመጣው። አክስቴ የእኔን ወረቀት ስታይ «ሎተሪ ነው እንዴ?» አለችኝ። እሷ በቁጥር ሄዳ አታውቅም፣ ሁሉን በቤተ ክርስቲያንና በገበያ ነው የምታውቀው።

ከአርንሄም ዲረን፣ ከዲረን ዙትፈን፣ ከዙትፈን ዴቬንተር። ዲረን ትንሽ ከተማ ናት፣ ግን ጋዜለ የሚባለው ብስክሌት ከ1892 ጀምሮ መነሻው እዚያ ነው፤ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግራችሁ። ብሮንክሆርስት አጠገብ ወንዙን በጀልባ ተሻገርኩ፤ ጀልባዋ መኪናም ብስክሌትም ትጭናለች። ዴቬንተር ደግሞ በ1869 ቡርኸርስ የሚባል ሰው የአገሪቱን የመጀመሪያ የብስክሌት ፋብሪካ የከፈተባት ናት። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ዳገት የሚባል የለም፣ ግን አትሸወዱ። ነፋስ አለ። የወንዙ ግድብ አናት ላይ ስትወጡ ፊት ለፊት የሚመጣ ነፋስ አለ፣ ከዳገት የሚብሰው ማለቂያው ስለማይታይ ነው። ዳገት አናት አለው። እኔ ጥርሴን ነክሼ ስረግጥ አንዲት እናት፣ ፊት ለፊት ባለ ሳጥን ውስጥ ሁለት ልጆች ጭና፣ «ሃይ» ብላ አለፈችኝ። የእሷ ባለ ባትሪ ነበር ብዬ ልጽናና።

ናይሜኸን ያለውን ቬሎራማ የተባለ የብስክሌት ሙዚየም አየሁት፣ ጥሩ ነው፣ ሂዱ። ነገር ግን ሙዚየም ውስጥ አትነኩም። እኔ መንካት ነው የፈለግኩት።

ለዚህ ነው እንግዲህ የአንድ ሽማግሌ ሱቅ ውስጥ ግማሽ ቀን የቀረሁት። የትኛው ከተማ እንደሆነ አልናገርም፣ ሰውየው ግርግር የሚወድ አይመስልም። ጠባብ ናት፣ ከጣሪያው ቸርኬ ተሰቅሏል፣ ወለሉ ላይ ብስክሌት በብስክሌት ላይ ተደግፏል፣ የጎማና የዘይት ሽታ። ለድንበሩ ቅርብ ስለሆነ በጀርመንኛ ተግባባን። ከየት መጣሽ አለኝ። ከፍራንክፈርት ስለው ከመነጽሩ በላይ አየኝና «ታዲያ የአያቴን ብስክሌት ይዘሽልኝ መጣሽ?» አይለኝም! እኔን፣ የባሕር ዳሯን! ነገሩ ወዲህ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን ጦር የሆላንዶችን ብስክሌት እየወረሰ ወሰደ፣ እነሱም እስከ ዛሬ ጀርመን ባገኙ ቁጥር፣ በኳስ ሜዳም ቢሆን፣ ብስክሌታችንን መልሱ እያሉ ይቀልዳሉ። እኔም «እኛ የአክሱምን ሐውልት ከጣሊያን ያገኘነው በ2005 ነው፣ ትንሽ ታገሥ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ቡና ቀረበ።

ግድግዳው ላይ የእንጨት ጎማ ሰቅሏል። በጦርነቱ ጊዜ ላስቲክ ስለጠፋ ሰው ቸርኬው ዙሪያ እንጨት እያሰረ፣ የአትክልት ቦታ ማጠጫ ቱቦ እየቆረጠ ነበር የሚነዳው። ጠፍጣፋ ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ ላይ በእንጨት ጎማ! ወገቤን አመመኝ ገና ሳየው።

ከዚያ አንድ መሳቢያ ከፈተ፣ ውስጡ ትናንሽ የብረት ሰሌዳዎች። በ1924 በብስክሌት ላይ ግብር ተጣለ፤ በየዓመቱ ከፍላችሁ ይህችን ሰሌዳ ብስክሌታችሁ ላይ ታስራላችሁ፣ ያላሰረ ይቀጣል። ግብሩ የቀረው በ1941 ነው። አንዷን አንስቶ ለብርሃን አሳየኝ፤ መሐሏ ተበስቷል። ሥራ አጥ ለሆነ ሰው በነፃ ይሰጠው ነበር፣ ግን እንዲለይ ይበሱታል። አስቡት፣ መንገድ ላይ የሚያይህ ሰው ሁሉ ሥራ እንደሌለህ በቀዳዳዋ ያውቃል። ችሮታው ጥሩ ነበር፣ ቀዳዳዋ ግን ምን አስፈለገች? ሽማግሌው «መንግሥት ያለ ቀዳዳ አይሰጥም» ብሎ መሳቢያውን ዘጋው።

አንዲት አሮጌ ጥቁር ብስክሌት ዓይኔ ላይ ቀረች። ዕድሜዋን ጠየቅኩት። በጨርቅ የኋላውን ጎማ መሐል ጠረግ ጠረግ አደረገና ጣቱን አሳረፈ። እዚያ ብረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ፣ 58። እንግሊዞቹ፣ ስተርሚ አርቸር የሚባሉት፣ ማርሹን የሠሩበትን ዓመት እዚያው ይመቱበታል። ጎኑ ላይ ደግሞ ከጥፍር የማይበልጥ ክዳን አለች፤ ትከፍታላችሁ፣ ጥቂት ጠብታ ዘይት፣ ትዘጋላችሁ። ጥገናው ይኼው ነው። ሦስት ማርሽ፣ ሁሉም ውስጥ። ብስክሌቷን ገልብጦ ፔዳሉን ሲያዞረው ቲክ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ብቻ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሠራ ነገር።

የሰንሰለቱን መሸፈኛም ፈታው። ብረት ወይም ፕላስቲክ መስሎኝ ነበር፣ ጨርቅ ነው! የሽቦ አጽም ላይ የተወጠረ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ጨርቅ፣ ከኋላ እንደ ጫማ በክር የሚታሰር። ክሩን ሲፈታው ሰንሰለቱ ንጹሕ፣ አንዲት የዝገት ነጥብ የሌለበት። ጭቃ አላገኘው፣ ዝናብ አላገኘው። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ፣ መሸፈኛው ለቀሚስ ብቻ ሳይሆን ለሰንሰለቱም መሆኑ። ሜትሩን አስወጣሁት። ርዝመቱን፣ የፊቱን ክብ፣ የኋላውን ክብ፣ የሽቦውን ውፍረት፣ ሁሉን ለካን፣ ሽማግሌው ይዞልኝ። አልሸጥልሽም ያለኝን ብስክሌት ነው የለካነው፤ የሚስቱ ነች።

ስንጨርስ የመኪናን ነገር አነሳልኝ። እናንተ ከተወለዳችሁ ጀምሮ ብስክሌተኛ ናችሁ ብዬው ነበርና ተቆጣ። በ1960ዎቹ እኮ አደባባዩ ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ነበር አለኝ። በ1971 በመኪና አደጋ የሞተው ሰው ከ3,000 በላይ ነው፣ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት። ወላጆች «የልጆቻችን ግድያ ይቁም» ብለው መንገድ ዘግተው ተቀመጡ፣ በ1973 መጨረሻ ነዳጅ ሲጠፋ ደግሞ መንግሥት እሁድ እሁድ መኪና ከለከለ። ዛሬ የምናየው ቀይ የብስክሌት መንገድ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ የብስክሌት መስመር ተቀብቶ መኪና ሲቆምበት እያየን «እኛ አገር አይሠራም» የምንለውን አስታወስኩ፣ ግን አልነገርኩትም። ቡናው አልቆ ነበር።

ልኬቱን ለወንድሜ ላኩለት፣ ባሕር ዳር ነው ያለው፣ እጁ ሥራ ያውቃል። ሽቦው ችግር የለውም አለ፣ ልብስ ሰፊም አለ። «ጨርቁ ውኃ እንዳያስገባ በምን ይቀባል?» አለኝ። ሽማግሌውን ጠይቄው ነበር፤ የዛሬዎቹ ፕላስቲክ ነክ ናቸው፣ የድሮዎቹ ግን የተፈላ የተልባ ዘይት የተቀባ ጨርቅ ነበሩ። ይህን ስጽፍለት መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ተልባ ነው ያልሽው? ተልባማ እማዬ ጋ በማዳበሪያ አለ። አንቺ ለምኚልኝ እንጂ እኔ ፍልሰታ ሳያልቅ አልጠይቃትም።»

ደውዬላት ነበር። «ለሰው የሚጠጣውን ለብስክሌት?» ብላ ዘጋችብኝ። ድርድሩ የደረሰበትን በሚቀጥለው ክፍል እነግራችኋለሁ። ሰላም ቆዩኝ።