የትምህርት ቦርድ አባልነት፣ ዝምድና እና የጥቅም ግጭት በሰሜን ቨርጂኒያ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የማኅበረሰባችን አባቶችና እናቶች፣ ወጣቶች፤

የዛሬው ንግግሬ ከመካከላችን ለትምህርት ቦርድ ለመወዳደር የሚያስቡትን፣ እነርሱንም ለመደገፍ የተዘጋጀነውን ሁላችንን ይመለከታል። በአሌክሳንድሪያ ከተማና በፌርፋክስ ካውንቲ የሚማሩ ልጆቻችን ብዙ ናቸው፤ ትምህርት ቤቶቹ ለወላጆች የሚልኳቸውን መልእክቶች ወደ አማርኛ የሚያስተረጉሙትም ስለዚህ ነው። የትምህርት ቤቶችን በጀት የሚያጸድቀው፣ የትምህርት ቤቶቹን ዋና ኃላፊ፣ ማለትም ሱፐርኢንተንደንቱን የሚቀጥረውና የትኛው ሰፈር ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚመደብ የሚወስነው ግን ቦርዱ ነው። በዚያ ወንበር ላይ የእኛም ሰው እንዲቀመጥ ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ በመሆኑም የሚቀመጠው ሰው ሕጉን አስቀድሞ አውቆ እንዲገባ እፈልጋለሁ።

በቨርጂኒያ የትምህርት ቦርድ አባላት በሕዝብ መመረጥ የጀመሩት በቅርብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ሕጉ እስኪለወጥ ድረስ አባላቱ በሹመት ብቻ ይቀመጡ ነበር፤ የፌርፋክስ ነዋሪም የቦርዱን አባላት ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፁ የመረጠው በ1995 ነው። ዛሬ የአሌክሳንድሪያ ቦርድ ከሦስት የምርጫ ክልሎች የተውጣጡ ዘጠኝ አባላት ሲኖሩት፣ የፌርፋክሱ አሥራ ሁለት አሉት።

ለመወዳደር የሚጠየቀው ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ዲግሪ አይጠየቅም፤ በትምህርት ቤቱ የሚማር ልጅ መኖርም ግዴታ አይደለም። እጩው የአሜሪካ ዜጋ፣ ለመምረጥ የሚያበቃውን ሁሉ ያሟላ፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በቨርጂኒያ የኖረና በሚወዳደርበት ክልል በእውነት የሚኖር መሆን አለበት፤ ከመራጮችም 125 ፊርማ ያሰባስባል። የመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዜግነት እስክታገኙ ድረስ መወዳደር አትችሉም፤ በቦርዱ ስብሰባ ላይ ተገኝቶ ሐሳብ መስጠት ግን ለእናንተም ክፍት ነው። ተመርጦ ከክልሉ ወጥቶ የሚኖር አባል ደግሞ ወንበሩን ያጣል፤ ስለዚህ የሌላ ሰው አድራሻ ተውሶ መወዳደር ከቶ የማይታሰብ ነው።

ከእኛ ሰዎች ብዙዎቹን በቅርብ የሚነካው ክልከላ የሚከተለው ነው። በትምህርት ቦርዱ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው፣ የአውቶቡስ ሾፌር ቢሆን፣ በምግብ ቤቱ ቢሠራ ወይም የመምህር ረዳት ቢሆን፣ ሥራውን እንደያዘ የዚያው ቦርድ አባል ሆኖ ሊያገለግል አይችልም። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የራሱን ደመወዝ የሚያጸድቅ፣ የአለቃውም አለቃ የሚሆን ሠራተኛ ሊኖር አይገባም። እንዲህ ያለ እጩ ቢያሸንፍ እንጀራውን መልቀቅ እንዳለበት ቤተሰቡ ከመጀመሪያው ሊያውቅ ይገባል።

ከዚህ የሚከብደው የዘመድ ጉዳይ ነው። የቨርጂኒያ የጥቅም ግጭት ሕግ የቦርድ አባል ወይም የሱፐርኢንተንደንቱ አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህት፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ እንዲሁም የልጅ ባል፣ ምራት ወይም ዋርሳ የሆነ ሰው በቦርዱ እንዳይቀጠር ይከለክላል። ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ዋናው አባሉ ሥልጣን ከመያዙ በፊት በጽሑፍ ውል በመደበኛነት ተቀጥሮ የቆየ ዘመድ ሥራውን እንዲቀጥል የሚፈቅደው ነው። መምህርነት ተምራ የምትመረቅ እህት ያለችው ሰው ግን የእርሱ መመረጥ የእርሷን የሥራ በር ሊዘጋ እንደሚችል አስቀድሞ ከእርሷ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል።

ንግድ ያላችሁም አድምጡ። የቦርድ አባል ከራሱ ቦርድ ጋር በሚደረግ ውል ውስጥ የግል ጥቅም እንዲኖረው አይፈቀድም። በአንድ ድርጅት ውስጥ ከ3 በመቶ በላይ ድርሻ መያዝ፣ ወይም ከድርጅቱ በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ገቢ ማግኘት ሕጉ የግል ጥቅም ከሚላቸው መካከል ናቸው፤ የትዳር ጓደኛ ድርሻም እንደ ራስ ይቆጠራል። የትርጉም አገልግሎት፣ የትራንስፖርት ወይም የምግብ አቅርቦት ሥራ ያለው ሰው «ድምፅ ሲሰጥ እወጣለሁ» በማለት ብቻ ከዚህ ክልከላ ነፃ እንደሚሆን ማሰብ የለበትም። ሌላ ጉዳይ፣ ለምሳሌ እርሱን ብቻ የሚነካ የንብረት ውሳኔ ሲቀርብ፣ ጥቅሙን በይፋ አስታውቆ ከውይይቱም ከድምፅ አሰጣጡም መራቅ አለበት። እያወቀ ሕጉን የጣሰ አባል በወንጀል ሊጠየቅና ወንበሩንም ሊያጣ ይችላል። የሚጠራጠር ሰው ግን ብቻውን አይደለም፤ ሁሉንም ነገር ሳይደብቅ አቅርቦ የኮመንዌልዝ ዐቃቤ ሕግን፣ ማለትም የከተማውን ወይም የካውንቲውን ዐቃቤ ሕግ፣ የጽሑፍ አስተያየት ቢጠይቅና በቅንነት ቢከተለው፣ ከክስ ይጠበቃል።

አሁን ሕጉ ወደማይደርስበት ቦታ ልለፍ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይበልጡን ይህ ነው። የቨርጂኒያ ሕግ የዘረዘራቸው ዘመዶች ጥቂት ናቸው። የአክስት ልጅ በዝርዝሩ የለም። አበልጅ የለም፤ የክርስትና ልጅ፣ የእድር ጓደኛ፣ በስደቱ መጀመሪያ ቤቱን ከፍቶ ያሳደረ ባለውለታም የለም። እኛ ግን እንተዋወቃለን፤ ከሕግ ይልቅ ይሉኝታ የሚያስረን ብዙዎች ነን። ሠርጌን የደገሰልኝ፣ ሐዘኔን ያስተዛዘነኝ ሰው «ልጄን እዚያ አስገባልኝ» ቢለኝ እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አልክድም። ስለዚህ የእኛ እጩ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ራሱን ሊገድብ ይገባል እላለሁ። ለአበልጁ ልጅ ቅጥር አይደውል፤ ባለውለታው የጨረታ ማመልከቻ ሲያስገባ፣ ሕጉ ባያስገድደውም፣ ትውውቁን በስብሰባው ላይ ይናገር። እኛም በበኩላችን እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘን ወደ እርሱ መሄድ የለብንም። በራሳችን ሰው ላይ ይህን ሸክም ጭነን፣ ሲወድቅ «የአገራችን ልጅ አሳፈረን» ማለት ፍትሕ አይደለም።

ስለዚህ በመጪው ምርጫ አንድ እጩ ከ125ቱ ፊርማዎች አንዱን ከእናንተ ለማግኘት ሲመጣ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የት እንደሚኖር፣ ከቤተሰቡ በትምህርት ቤቶቹ ተቀጥሮ የሚሠራ ማን እንደሆነ፣ እርሱ ወይም ባለቤቱ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር የሚሠራ ንግድ እንዳላቸው ጠይቁት። መልሱን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ጽፎ ለሁሉም እንዲያሰራጭ ጠይቁት። የሚያውቃችሁና የምታውቁት ሰው ከሆነ ደግሞ ጥያቄውን አታሳጥሩለት።

አመሰግናለሁ።