ሴንሰሩ አጥንት አያይም

ክቡራትና ክቡራን፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ መሐንዲሶችና ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ?

አንድ ታካሚ ጭኑና ቅልጥሙ ላይ አንድ አንድ ሴንሰር አስሮ ሲራመድ፣ ስክሪኑ ላይ «ጉልበት፦ 58 ዲግሪ» የሚል ቁጥር ይወጣል። ዛሬ የምናገረው ይህ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ ነው።

ሴንሰሩ ራሱ የጉልበትን አንግል አይለካም። በውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ የመዞርን ፍጥነት፣ አክሰለሮሜትሩ የፍጥነት ለውጥንና የመሬት ስበትን፣ ማግኔቶሜትሩ ደግሞ የመሬትን መግነጢሳዊ መስክ ይለካሉ። ኮምፒውተሩ ከእነዚህ ተነስቶ ሁለቱ ሴንሰሮች ወዴት እንዳዘነበሉ ያሰላል፤ የጉልበት አንግል የምንለው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ነው።

ጋይሮስኮፑ ብቻውን ለምን አይበቃም? በሰከንድ 0.1 ዲግሪ ብቻ ቢሳሳት፣ ስህተቱ እየተደመረ በአሥር ደቂቃ 60 ዲግሪ ይደርሳል። ጤነኛ ጉልበት በእርምጃ ወቅት ቢበዛ የሚታጠፈውም 60 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የስበት አቅጣጫ እያረመው ይሄዳል። ለዚህ ማረሚያ ዛሬም ድረስ የምንጠቀምበት አንዱ ስሌት መሐንዲሱ ሩዶልፍ ካልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተመው ነው። ማግኔቶሜትሩም ያግዛል፤ የብረት አልጋ ወይም ብረት የበዛበት ወለል አጠገብ ሲሆን ግን ራሱ ይሳሳታል።

ይህ ሁሉ የመሐንዲሶች ራስ ምታት ነው፤ ብዙውም መፍትሔ አግኝቷል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሴንሰሩ የታሰረው ቆዳ ላይ እንጂ አጥንት ላይ አይደለም። አጥንቱ ወዴት እንደሚያመለክት የምንነግረው እኛ ነን፤ የምንነግረውም ብዙ ጊዜ ታካሚውን «ቀጥ ብለህ ቁም» ብለን ያንን አቋም ዜሮ በማድረግ ነው።

እስቲ አሥር ዲግሪ ያህል አልዘረጋ ያለ ጉልበት ይዞ የመጣ ሰው አስቡ። ቀጥ ብሎ ቆሟል ብለን ዜሮውን እንመዘግባለን። ከዚያ በኋላ ሪፖርቱ ጉልበቱ ሙሉ በሙሉ ይዘረጋል ይላል፤ 58 የታጠፈውንም 48 ብሎ ይጽፋል። ሰውየው ወደ እኛ የመጣበት ችግር ራሱ ከወረቀቱ ጠፋ ማለት ነው! ማሽኑ አልተበላሸም፣ ስሌቱም ትክክል ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ እንደቆመ ጉልበቱን በተለመደው ጎኒዮሜትር፣ ማለትም በእጅ በሚያዘው የአንግል መለኪያ፣ ለኩና ያገኛችሁትን ቁጥር መነሻ አድርጋችሁ አስገቡ። ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

የምታስሩበት ቦታም ለውጥ ያመጣል። የፊተኛው የጭን ጡንቻ ሲኮማተር ሴንሰሩን ይዞት ይነሳል፤ የጭን ውጫዊ ጎን ይሻላል። ቅልጥም ላይ ከቆዳው ሥር ወዲያው አጥንት የሚገኝበትን ጠፍጣፋውን የውስጥ ገጽ ምረጡ።

ማጠፍና መዘርጋትን በተመለከተ፣ በጥንቃቄ ከተሠራ በካሜራ ከሚለካው የላቦራቶሪ ውጤት የሚለየው በጥቂት ዲግሪ ነው። የጉልበትን በራሱ ዙሪያ መዞር ግን እንዲህ አላምነውም፤ እንቅስቃሴው ራሱ ጥቂት ዲግሪ ስለሆነ በቆዳው መንሸራተት ይዋጣል። (ሻጮች ይህን በብሮሹሩ የመጨረሻ ገጽ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል፣ ከጻፉት።) ስለዚህ ይህ ቁጥር ለሕክምና ውሳኔ በሚቀርብ ሪፖርት ላይ ባይወጣ እመርጣለሁ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያላችሁ ቀጥሉ።