«እሰጥ አገባ» ወይስ «እሰጣ ገባ»?

[ምስል፦ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል፣ ጠዋት። ጀልባዎች ዳር ይዘዋል።]

ሰላም! ሐይቁ ዳር፣ አሳ ገበያው ውስጥ ነን። እስቲ ይሄን ስሙት።

«ወንድሜ፣ ቀንስ እንጂ። ይቺን ነው ቆሮሶ የምትለኝ?»
«እህቴ፣ እኔ የያዝኩት ሐይቁ የሰጠኝን ነው።»
«ታዲያ ዋጋውንም ሐይቁ ነው የተመነው?»

አያችሁ? አንዱ ይጥላል፣ አንዱ ያነሳል። የተሳደበም፣ የተረታም የለም። እሰጥ አገባ ማለት ይሄ ነው።

[በስክሪን፦ እሰጥ አገባ / እሰጣ ገባ]

ፌስቡክ ላይ ብዙ ሰው «እሰጣ ገባ» ብሎ ይጽፋል። አይፈረድበትም፤ ቶሎ ሲሉት ለጆሮ ያው ነው። ግን «ገባ» ብቻውን ሲቀር «ማን ገባ? የት ገባ?» ያሰኛል። መቁረጫው «እሰጥ» ላይ ነው። እሰጣለሁ፣ አገባለሁ።

ምን ሊሰጥ? ምን ሊያገባ? የሚጣፍጠው እዚህ ጋ ነው። በድሮው ሙግት ተሟጋቾች ዳኛ ፊት ቆመው ይወራረዱ ነበር። ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ። «ብረታ እሰጣለሁ» ያለ ሰው ከተረታ ይከፍል ነበር። አፍ እንዳመጣ መናገር በቅሎ ያሳጣል! በዚያ ላይ በላ ልበልሃ የሚባል የግጥም ሙግት ነበረ፤ ክሱም መልሱም ቤት እየመታ ይወርድ ነበር። የዛሬው እሰጥ አገባ በቅሎውን ጥሎ አፉን ብቻ ይዞ የቀረ ነው።

አጠቃቀሙስ? ቃሉ የራሱ ግስ የለውም። እናት ልጇን ብቻዋን ትጨቀጭቃለች፤ ልጁ ዝም ቢልም ጭቅጭቁ ጭቅጭቅ ነው። እሰጥ አገባ ግን መላሽ ይፈልጋል። ስለዚህ «እሰጥ አገባ ገጠሙ»፣ «እሰጥ አገባ ውስጥ ገቡ» እንላለን። የህዳሴ ግድብ በ2003 ከተጀመረ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያና ግብፅ በተወራ ቁጥር ይሄን ቃል ስንቴ ሰማነው!

ክርክር ጨዋ ነው፤ ርዕስ አለው፣ ሰዓት አለው፣ አንዳንዴም አወያይ። «ንትርክ» ካላችሁ ግን ነገሩ ሰልችቷችኋል ማለት ነው።

[ምስል፦ ሴትየዋ በፌስታል አሳ ይዛ ስትሄድ።]

በስንት እንደተስማሙ አልሰማንም። ሻጩ ቀጣዩን ደንበኛ ይዟል።

«ይሄ? ይሄማ የዛሬ ጠዋት ነው፣ አባቴ!»
«የየትኛው ጠዋት?»