ጎንደር መቼ ተመሠረተች? ለሪሰርች የሚታመን ምንጭ ፍለጋ

(ምስል፦ ፋሲል ግቢ በማለዳ። ደብተር የያዙ ተማሪዎች በበሩ ሲገቡ።)

ጤና ይስጥልኝ! ዛሬ ቀላል በሚመስል ጥያቄ እንጀምር። ጎንደር መቼ ተመሠረተች?

ስልካችሁን አውጡና ፈልጉ። አንዱ ገጽ 1636 ይላችኋል። ሌላው 1628። ሌላም ቦታ “1636 ዓ.ም.” ተብሎ ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። የቱ ነው ልክ?

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አልተጣሉም። አንዱ በፈረንጅ፣ ሌላው በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው። ጣጣው ሦስተኛው ላይ ነው። የፈረንጁን ቁጥር ወስዶ “ዓ.ም.” ለጠፈበት። ከእሱ የሚገለብጥ ተማሪ ከተማዋን ስምንት ዓመት ወደፊት ይገፋታል። ቆይቶ ደግሞ ሌላው ከዚያ ተማሪ ይገለብጣል።

እኔም በተማሪነቴ ደርሶብኛል። ከቴሌግራም ያወረድኩት ፒዲኤፍ ላይ ያለውን ዓመት እንዳለ ፕሮፖዛሌ ላይ አስገባሁት። አድቫይዘሬ “ይሄን ከየት አመጣኸው?” አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም።

በአማርኛ “የሰሚ ሰሚ” የምንለው ይህን ነው። አንዱ ከሌላው ሰምቶ፣ ያም ከሌላ ሰምቶ። ስለዚህ አንድ ምንጭ እጃችሁ ሲገባ በቅድሚያ ጠይቁት፦ ጸሐፊው አይቶ ነው ወይስ ሰምቶ?

(ምስል፦ የድሮ የጉዞ መጽሐፍ ገጾች።)

ጀምስ ብሩስን እንውሰድ። ይህ ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጎንደር የገባው በ1770 እ.ኤ.አ. ነው። መጽሐፉ የታተመው በ1790። በጊዜው ስለነበሩት ስለ ራስ ሚካኤል ስሑል ሲጽፍ ያገኛቸውን ሰው ነው የሚጽፈው። ጎንደርን ስለመሠረቱት ስለ ዐፄ ፋሲለደስ ሲጽፍስ? ንጉሡ ያረፉት በ1667 ነው። ብሩስ ሲመጣ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እዚህ ላይ እሱም እንደኛው ሰሚ ነው።

ይሄ ነገር በደንብ እንዲገባችሁ እፈልጋለሁ። መጽሐፉ አንድ ነው። ለአንዱ ጥያቄ የዓይን እማኝ፣ ለሌላው ሰሚ። “መጽሐፉ ይታመናል?” ከማለት “ለእኔ ጥያቄ ይታመናል?” ማለት ይሻላል። እማኝም ቢሆን ለብቻው አይበቃም። ብሩስ ያየውን ያሳተመው ከ20 ዓመት በኋላ ነው። ከነገሥታቱ ዜና መዋዕል ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡት። የሚለያዩበት ቦታ ላይ ጥሩ የሪሰርች ጥያቄ ታገኛላችሁ።

(ምስል፦ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ፣ የመላእክቱ ሥዕል።)

የሱዳኑ የደርቡሽ ጦር በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ሲያቃጥል ይህን ቤተ ክርስቲያን የንብ መንጋ እንዳዳነው አባቶች ይተርካሉ። “አፈ ታሪክ ነው፣ ከጽሑፍህ አውጣው” የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ አልስማማም። የቃል ታሪክም ምንጭ ነው። ግን እንደ ምንጭ ያዙት። ማን ነገራችሁ? መቼ? የት? እሳቸውስ ከማን ሰሙ? ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። ስትጽፉ “እንዲህ ይተረካል” በሉ። “እንዲህ ሆነ” ለማለት ሌላ ማስረጃ ያስፈልጋችኋል።

ቁጥርም ያው ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ሕዝብ ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ ጎንደር ከተማ 207,044 ሰው ተቆጠረ። ከዚያ ወዲህ የምታዩት አገራዊ የሕዝብ ቁጥር ግምት ነው። ግምት መጠቀም ችግር የለውም። ብቻ ግምት መሆኑንና የማን ግምት እንደሆነ ጻፉ።

የጤና ተማሪዎች፣ እናንተ ደግሞ የኅትመት ዓመት አያታልላችሁ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ ጽሑፍ የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሚተነትን ሊሆን ይችላል። መረጃው የተሰበሰበበትን ጊዜ “ዘዴ” በሚለው ክፍል ውስጥ ፈልጉ። የጥናቱ ዋና ሪፖርት ደግሞ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። ሰንጠረዡን ራሱን ክፈቱ።

የት እንፈልግ ለምትሉ፦ ጎግል ስኮላር ለሁሉም ይሆናል። ለጤና ፐብሜድ አለ። የአፍሪካ ጆርናልስ ኦንላይን የአገራችንን ጆርናሎችም ይዟል። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ በክፍያ የሚነበቡ የጤና ጆርናሎችን እንደ እኛ ባሉ አገሮች ላሉ ተቋማት በነፃ ይከፍታል። የይለፍ ቃሉን የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎቻችሁን ጠይቁ። እባካችሁ ጠይቋቸው። በር ላይ መታወቂያ አሳይተናቸው የምናልፋቸው ሰዎች ከማንም በላይ ሊረዱን ይችላሉ።

ዊኪፔዲያን አንብቡት፤ ሪፈረንስ ግን አታድርጉት። ከታች የተዘረዘሩትን ምንጮች ተከትላችሁ ሂዱ። ቻትጂፒቲ ላይ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ሪፈረንስ ስትጠይቁት የሌለ ጽሑፍ፣ ከነደራሲው ከነዓመቱ ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ርዕሱን በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ጎግል ስኮላር ላይ ፈልጉት። ከጠፋ የጆርናሉን ድረ ገጽ ከፍታችሁ በዚያ ቅጽ፣ በዚያ ገጽ ምን እንዳለ እዩ። እዚያም ከሌለ ሰርዙት።

(ምስል፦ ላፕቶፕ ላይ የተከፈተ ፕሮፖዛል።)

በሉ አሁን ፕሮፖዛላችሁን ክፈቱ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ምረጡ። ከየት አመጣችሁት? ከአንድ ጽሑፍ? እሱስ ከየት አመጣው? ራሱ የቆጠረው፣ የለካው ወይም ያየው ሰው ጋ እስክትደርሱ ሂዱ። ስትደርሱ የገጹን ቁጥር መዝግቡና ወደ ሁለተኛው ቁጥር እለፉ።