ሦስት ሰከንድ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራችሁ የፈለግሁት ስለ ዝምታ ነው። መምህር ጠይቆ፣ ተማሪ ገና ሳይመልስ፣ መሃል ላይ ስላለችው ጸጥታ።

ፊዚክስ የተማርኩት ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። ከዚያ ፒጂዲቲ ገባሁ። ለማታውቁት፣ በአንድ ትምህርት ዲግሪ ያለው ሰው ሁለተኛ ደረጃ ለማስተማር የሚጨምረው የአንድ ዓመት ሥልጠና ነው። ግቢው ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፣ ገና ልጅ ነው። ከዶርም ላይብረሪ እስክትደርስ ሦስት አራት ሰው ሰላም ትላለህ። ኅዳር ላይ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ያድራል። ጋቢ ተከናንበን እናነብ ነበር።

እዚያ ነው ስለ ሜሪ ባድ ሮው የተማርኩት። አሜሪካዊት ተመራማሪ ናት። በ1970ዎቹ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ መምህራን ሲያስተምሩ በቴፕ የተቀዳውን እያዳመጠች ጊዜውን ለካች። ብዙዎቹ ጠይቀው የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሡ ግን የልጆቹ መልስ ረዘመ። ተናግረው የማያውቁትም መናገር ጀመሩ።

ይሄን ለፈተና ሸመደድኩት፣ በትክክልም መለስኩት። የገባኝ ግን ፕራክቲከም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሄጄ የማስተማር ልምምድ፣ ስወጣ ነው።

የተመደብኩት 9ኛ ክፍል ነው። የሚከታተሉኝ አንጋፋ መምህር ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ሌሊቱን ሙሉ እቅዴን ሳስተካክል ስላደርኩ፣ አርባዋን ደቂቃ ሳልደናቀፍ ጨረስኩ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ስታፍ ሩም ስንገባ ደብተራቸውን ገለጡ። ሁለት ረድፍ ጭረት አለ።

«አሥራ አራት ጥያቄ ጠየቅህ» አሉኝ። «አሥራ ሁለቱን ራስህ መለስክ። ማን እያባረረህ ነው ልጄ?»

አልተቆጡም። ሻይ አዘዙልኝ። እኔ ግን ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ማን ነበር የሚያባርረኝ? ቆይቼ ሳስበው ዝምታው ነው። ክፍሉ ጸጥ ሲል «አልገባቸውም፣ አልቻልኩም» የሚል ነገር ደረቴን ይይዘኛል። ቶሎ ልሸፍነው እሮጣለሁ።

ግን እስቲ ከልጆቹ በኩል እንየው። እኛ አገር ልጅ የሚመሰገነው ዝም በማለቱ ነው። ትልቅ ሰው ሲያወራ ጣልቃ የማይገባ፣ አንገቱን የሚደፋ ልጅ «ጨዋ» ይባላል። እኔም ያደግሁት እንደዚያው ነው። በዚያ ላይ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ነው። ልጅቷ ጥያቄዬን በእንግሊዝኛ ትሰማለች። በሆዷ ወደ አማርኛ ትመልሰዋለች። መልሱን ታገኛለች። ከዚያ መልሳ እንግሊዝኛ ታደርገዋለች። «ይስቁብኝ ይሆን?» ብላ ደግሞ ታመነታለች። ይሄ ሁሉ በአንድ ሰከንድ? ሦስቱም ያንሳል፣ በበኩሌ።

በሚቀጥለው ሳምንት ርዕሱ ስለ መፍላት ነበር። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይላል። «እዚህ ደብረ ብርሃንስ?» ብዬ ጠየቅሁ። ጠመኔውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ፣ እጄ ሥራ እንዳይፈልግ። ሆዴ ውስጥ ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት። ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል። ስድስት ላይ ከመጨረሻው ረድፍ አንድ እጅ ወጣ። ሙሉ እጅ እንኳን አይደለም፣ ጣት ነው።

«ቲቸር፣ በአማርኛ ልመልስ?»

«መልሺ።»

ሸዋሮቢት ነው ያደገችው፣ እዚህ የመጣችው አክስቷ ጋ ሆና ለመማር ነው። «እዚህ ንፍሮ ቶሎ አይበስልም» አለች። «እኛ ጋ ከሰል ሳይጨመር ይደርሳል። እዚህ ግን ውሃው ይንተከተካል፣ ባቄላው ጥሬ ነው።»

እስቲ አስቡት። የጣርማ በርን ዳገት ወርዶ ቆላው ሸዋሮቢት፣ ወጥቶ ደጋው ደብረ ብርሃን። ከፍ ባልክ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃው እስከ 100 ሳይግል ይፈላል፣ ባቄላው ይዘገያል። ትምህርቱን በሙሉ ከአክስቷ ማድቤት ይዛው መጥታለች። ባለፈው ሳምንት ቢሆን ኖሮ «ግፊት!» ብዬ ጮኼባት ነበር፣ ይሄን ነገር ሳልሰማው እቀር ነበር።

ደወል ተደወለ። በማግስቱ ከላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተዋስኩ፣ ቡታጋዝና ትንሽ ድስት ይዤ ገባሁ። ጠረጴዛዬን ከበቡት፣ ያ ከኋላ የሚቀመጠው ረድፍ በሙሉ ፊት መጣ። ውሃው ተንተከተከ። ለልጅቷ «አንቺ አንብቢው» አልኳት። ጎንበስ ብላ፣ እንፋሎቱን በእጇ እየገፋች፣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ዘጠና አንድ» አለች።

ከመጽሐፉ ጋር አልተስማማም። «ለምን?» አልኩ። ማንም አልተናገረም። እኔም ዝም አልኩ።