ከ40.20 ወደ 40.12

እሺ... ባለፈው ቃል የገባሁላችሁ ርዕስ ይቆየን። ሚጡ ናት ያስቀየረችኝ። አዎ፣ ያቺው ከዚህ በፊት ያወራኋችሁ ሚጡ። ዩኒቨርሲቲ ገብቻለሁ፣ ከእንግዲህ እንደዛ አትጥራኝ ብላለች፤ ግን እናንተ በሌላ ስም አታውቋትም፣ ምን ላድርግ።

አራት ኪሎ ማኪያቶ ይዘን ቁጭ ብለናል። እሷ የፊዚክስ ላብ (ቤተ ሙከራ) ሪፖርቷን ትጨርሳለች። ፔንዱለም ነው፤ አንድ ሜትር ክር፣ ሃያ ውዝዋዜ፣ ስቶፕዎች፣ ከዚያ «ጂ»፣ ማለትም የምድር ስበት የሚወድቅን ነገር የሚያፋጥንበት መጠን፣ ስንት እንደሆነ ማስላት። ሃያው ውዝዋዜ 40.20 ሰከንድ ፈጅቷል። ስታሰላው 9.77 መጣላት። አየችው... ፍሉዷን አወጣችና አጠፋችው። የመጽሐፉን ቁጥር፣ 9.81 ጻፈች። በዚህ አላበቃችም፤ ወደ ሠንጠረዡ ተመልሳ 40.20ን 40.12 አደረገችው። ከመልሱ ተነስታ፣ ሰዓቱን ወደ ኋላ አስልታ ማለት ነው። ሂሳቡን እንዴት እንደምትችለው!

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ከ9.81 ከራቀ ማርክ ይቀነሳል» አለችኝ፤ ቀና እንኳ አላለችም።

ይሄ ነው ከጭንቅላቴ ያልወጣው። 40.20 ወደ 40.12።

ምክንያቱም ስሙኝ... አዲስ አበባ ላይ «ጂ» 9.78 እንኳ አይሞላም። ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነን፤ ሁለቱም ይቀንሱታል። 9.81 የለንደን፣ የፓሪስ ቁጥር ነው። ውሃም እኮ ከከፍታው የተነሳ እዚህ በ100 ዲግሪ አይደለም የሚፈላው፣ በ92 ገደማ ነው። ከድሬዳዋ የምትመጣው አክስቴ ሁልጊዜ «እናንተ ጋ ንፍሮ አይበስልም እንዴ?» ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይዘገያል! ማንም ሳያስተምራት በገዛ እጇ ያየችውን ነው የምትናገረው። እና... ምን ልል ነበር?

አዎ። ለሚጡ «ትክክል ነበርሽ እኮ!» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እሱም ልክ አይደለም። በ40.20 እና በ40.12 መሃል ያለው 0.08 ሰከንድ ነው። በአውራ ጣት የሚጫን ስቶፕዎች ያንን አይለይም፤ ጣታችን ራሱ ከዚያ በላይ ይዘገያል፣ ወይ ይቀድማል። ስለዚህ ለዚያ መሣሪያ 9.77 እና 9.81 አንድ ናቸው። «9.77፣ ሲደመር ሲቀነስ 0.1» ብላ ብትጽፍ አለቀ፤ መጽሐፉም አዲስ አበባም እዚያ ውስጥ ይገባሉ። ያንን ግን ማንም አልጠየቃትም። የተጠየቀችው 9.81 ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳነብ ነው የሰነበትኩት። ናታሻ ሆምስ፣ ካርል ዊማን (እ.ኤ.አ. በ2001 ፊዚክስ ኖቤል ካገኙት አንዱ) እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡት ጥናት አለ። ሌክቸሩን ለማጠናከር ተብሎ የሚሰጥ ላብ የወሰዱ ተማሪዎች፣ ላቡ በነካቸው የፈተና ጥያቄዎች ላይ ካልወሰዱት አልበለጡም። ምንም። እንግዲህ ተማሪ «ላብ ምን ይጠቅመኛል?» ቢል ስንፍና ነው ማለት ይከብደኛል።

ሌላም አለ፤ ኮሎራዶ የተሠራ፣ ኢ-ክላስ የሚባል መጠይቅ። ስለ ላብ ለሚያነሳው ሐሳብ ሁሉ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል፦ አንቺ ምን ታስቢያለሽ? የሙከራ ፊዚክስ ባለሙያ ቢሆንስ ምን ይላል? እኔም ለሚጡ በራሴ አነጋገር ሁለቱን ጠየቅኳት። «ባለሙያ ቁጥሩ ባይጥመው ምን ያደርጋል?» «ደግሞ ይለካላ!» አለች፣ ወዲያው። «አንቺስ?» ዝም አለች። ከዚያ «እኛ የሁለት ሰዓት ላብ ነው ያለን፣ ለስድስት አንድ ፔንዱለም» አለች።

ታውቃለች! ላብ ለምን እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች። ያሳዘነኝም... ያናደደኝም እሱ ነው።

የኔ ትውልድ ላብን ያየው በፕላዝማ ነው። በ1997 ዓ.ም. ገደማ የገባው። ፔንዱለሙ ቴሌቪዥን ውስጥ ይወዛወዛል፣ እኛ እንጽፋለን። ያን ጊዜ አንድ ክር በእጄ ብይዝ እያልኩ ነበር የምመኘው። ሚጡ ይዛለች። ይዛም ግን... አላውቅም። እንደዛ ማነጻጸሩም ልክ ላይሆን ይችላል።

በሚቀጥለው ሳምንት የኦም ሕግ ነው ላቧ። ያገኘሽውን ጻፊ ልላት እፈልጋለሁ። ግን የሚቀነሰው የኔ ማርክ አይደለም፣ የሷ ነው፤ ዲፓርትመንት የሚመደቡትም በዚያው ውጤት ነው። እና በምን አፌ?

ላብ የምታስተምሩ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ከልቤ ነው። ተማሪ 9.5 ይዞ ቢመጣ፣ ዳታው ንጹሕ ሆኖ፣ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከሞከረ ስንት ትሰጡታላችሁ? የምታርሙት ክምር ከፊታችሁ እንዳለ አውቃለሁ፣ ሁሉንም ማንበብ እንደማይቻልም... ቢሆንም። ወይ ደግሞ ሁለት ማርክ ብቻ ቢሆን፣ ለማስረዳቱ ብቻ፣ እሱ እንኳ...