አለንጋው ቀረ፤ በምትኩስ?

(ለርዕሳነ መምህራን፣ ለሱፐርቫይዘሮችና ለዩኒት ሊደሮች በክረምት ሥልጠና መክፈቻ ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ?

አዘጋጆቹ «አዎንታዊ የተማሪዎች ባህሪን ስለመደገፍ» እንድናገር ጠይቀውኛል። ርዕሱ ወረቀት ወረቀት ስለሚል በቀጥታ ክፍል ውስጥ ልግባ።

አንድ አራተኛ ክፍል አስቡ። 60 ምናምን ልጅ አለ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስትም አራትም ተቀምጠዋል። መምህሩ ለስብሰባ ተጠርቶ ወጣ። የክፍል አለቃው ጠመኔውን ያነሳና ሰሌዳው ጥግ ላይ «ረባሾች» ብሎ ይጽፋል። ከሥሩ ያሰምርበታል። ከዚያ ስም መደርደር ነው። ደግሞ ያወራ ልጅ ስሙ አጠገብ ኤክስ ይጨመርበታል። መምህሩ ሲመለስ የተጻፉት ይወጣሉ፤ ወይ ይንበረከካሉ፣ ወይ ኮርኩም ይቀምሳሉ። ሁላችንም ያደግንበት ነው። ለአለቃው እስክሪብቶ የሰጠ ልጅ ስሙ እንደሚጠፋለትም ታውቃላችሁ፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው።

ዝርዝሩን ግን ልብ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ሰኞ የተጻፉት ማክሰኞም እነሱው ናቸው። ሐሙስም እነሱው። ቅጣቱ የሚሠራ ቢሆን ኖሮ ስሞቹ ይቀያየሩ ነበር።

ሕጉ ግልጽ ነው። ከነሐሴ 1987 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው ሕገ መንግሥታችን፣ አንቀጽ 36 ላይ፣ ማንኛውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይናገራል። እንግዲህ 30 ዓመት ሆነው ማለት ነው። ዛሬም ግን የጎማ ቁራጭ ከመሳቢያው የማይጠፋ ዩኒት ቢሮ አለ። ወላጁም ቢሆን ልጁን ሲያስረክብ «አደራ፣ ይቅጡልኝ» ነው የሚለው።

ጥፋቱን ሁሉ መምህሩ ላይ መደፍደፍ ግን አልወድም። መምህሩን «አትምታ» አልነው፤ ብለነው ሄድን። 60 ልጅ ፊት ቆሞ በምትኩ ምን እንደሚያደርግ ማንም ቁጭ ብሎ አላሳየውም። ስለዚህ ብዙው ወደ «ወላጅ አምጣ» ዞረ። «ወላጅ አምጣ» ደግሞ መጨረሻው ይታወቃል። ልጁ ሁለት ሦስት ቀን ከትምህርት ውጭ ይንከራተታል፤ ብልጥ ከሆነ ከመንገድ ላይ አጎት ተከራይቶ ይመጣል። የተከራየው አጎት ከእውነተኛው አባት ይልቅ ሲቆጣ አይታችሁ የሳቃችሁ እዚህ ውስጥ አላችሁ።

እና መምህሩ ምን ይማር?

ከጭብጨባ ልጀምር። «ጎበዝ! አጨብጭቡለት!» እንላለን። ጥሩ ልማድ ነው። ግን የምናጨበጭበው ለትክክለኛ መልስ ብቻ ነው። መልስ የማይመልሰው ልጅ አንዴም ሳይጨበጨብለት ሰኔ ይደርሳል። ክፍሉ እንዲያየው ከፈለገ የቀረው መንገድ መረበሽ ነው፤ ያኔ ቢያንስ ስሙ ይጠራል። ስለዚህ መምህሩ የሚለማመደው ለጠባይም ቃል ማውጣትን ነው፤ በደፈናው «ጎበዝ» ሳይሆን ልጁ ያደረገውን ለይቶ። «ሄኖክ፣ ሳልናገር ደብተርህን አወጣህ፤ እንዲህ ነው የምፈልገው።» አምስት ሰከንድ አይፈጅም። አጠገቡ ያሉትም ደብተራቸውን ሲፈልጉ ታያላችሁ። ሄኖክ ከ«ረባሾች» አንዱ ከሆነ ደግሞ ያቺ አረፍተ ነገር ለእሱ ብርቅ ናት።

ቀላል ይመስላል አይደል? ሞክሩት። አንድ ባልደረባ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀምጦ ወረቀት ለሁለት ይክፈል፤ በአንዱ በኩል መልካም ቃል፣ በሌላው ቁጣ። 40ውን ደቂቃ ሙሉ ጭረት ብቻ ይጫር። ጥሩ መምህር ነኝ የሚለው ሳይቀር ወረቀቱን ሲያይ ዝም ይላል። ማንም እየገመገመው አይደለም፤ ወረቀቱም ለራሱ ነው የሚሰጠው። በሚቀጥለው ሳምንት ያው ባልደረባ ተመልሶ ይቆጥራል።

ሌላው፣ ሥርዓትን እንደ ሒሳብ ማስተማር ነው። «ሥርዓት ያዙ» እንላለን እንጂ ሥርዓቱ ምን እንደሆነ አናሳይም። ከእረፍት መልስ የሚባክነውን ጊዜ አስቡት፦ ግፊያ፣ አቧራ፣ «መምህር፣ እስክሪብቶዬን ወሰደ»። እንዴት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ደብተሩ መቼ እንደሚወጣ መምህሩ ያሳያቸው። ከዚያ ወጥተው እንደገና ይግቡ። ይለማመዱት። ጊዜ የለም እንዳትሉኝ፤ መስከረም የመጀመሪያው ሳምንት እንደሆነ ትምህርት በወጉ እንደማይጀመር ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳው ላይ የሚለጠፈውም «አትሩጥ፣ አትጩህ፣ አትረብሽ» ብቻ አይሁን። «ሰው ሲናገር እናዳምጣለን» ቢል ልጁ የሚያደርገውን ያውቃል።

ይሄ ሁሉንም ልጅ አይመልስም። ሌላውን የሚጎዳ ልጅ አለ፤ ቤቱ ሰላም ያጣ ልጅ አለ፤ ቁርስ ሳይቀምስ የመጣም አለ። እነሱ ለብቻ ጊዜ ይፈልጋሉ። ጊዜው የሚገኘው ግን ሌሎቹ 50 ልጆች ሲረጋጉ ነው።

«ይህ የፈረንጅ አገር ወሬ ነው» የሚል አይጠፋም። ኡጋንዳ ሩቅ አይደለችም። ሉዌሮ ወረዳ ውስጥ 42 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ጥናት ተደርጎ በ2015 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ግማሾቹ «ጉድ ስኩል ቱልኪት» የሚባለውን፣ ትምህርት ቤቶች ዱላን እንዲተዉ የሚያግዝ ፕሮግራም ተገበሩ፤ ግማሾቹ ተራ ጠበቁ። ከ18 ወር በኋላ ልጆቹ ተጠየቁ። «ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ መታኝ» ያሉት ተራ ከሚጠብቁት ውስጥ 49 በመቶ፣ ከተገበሩት ውስጥ 31 በመቶ ናቸው። 31ም ብዙ ነው፤ አልክድም። ግን ልዩነቱን ያመጣው አንድ ቀን ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የተሰጠ ሥልጠና አልነበረም። በየትምህርት ቤቱ ሥራውን የሚመሩ ሁለት ሠራተኞችና ሁለት ተማሪዎች ነበሩ። ከዚያም ጉብኝት ነበር፣ የስልክ ክትትል ነበር።

ወደ እኛ ሥልጠና ልምጣ። ፓወር ፖይንት፣ ሻይ፣ ውሎ አበል፣ የቡድን ፎቶ። ሰኞ ክፍሉ እንደነበረው ነው። ብሩስ ጆይስና ቤቨርሊ ሻወርስ የተባሉ አሜሪካውያን የመምህራን ሥልጠናን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያጠኑ የደረሱበት ይህንኑ ነው፦ መምህሩ የሰማው ነገር ክፍል ውስጥ የሚገባው ካየው፣ ከተለማመደውና በኋላም ክፍሉ ድረስ ገብቶ የሚያግዘው ሰው ካገኘ ነው። ሲፒዲው፣ ማለትም የመምህራን ተከታታይ ሙያ ማሻሻያው፣ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ክፍል ውስጥ እንደሚያልፍ፣ ስንቱ ደግሞ ሰኔ ላይ ፖርትፎሊዮ፣ ያው የማስረጃ ማኅደሩ፣ ሲሞላ እንደሚፈጠር እናንተ ታውቁታላችሁ።

ሱፐርቫይዘሮች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ክፍል ስትገቡ የትምህርት ዕቅድና የውጤት መመዝገቢያ ነው የምትጠይቁት። ቅጻችሁ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ መምህሩ በክፍለ ጊዜው ስንት ልጅ ለመልካም ነገር በስሙ ጠራ? ርዕሳነ መምህራን ደግሞ፣ ባልደረባውን ሊታዘብ የሚገባ መምህር ክፍሉ ባዶ እንዳይሆን የሚተካውን ሰው መመደብ የእናንተ ሥራ ነው። ያ ካልተመቻቸ የተናገርኩት ሁሉ ከዚህ አዳራሽ አይወጣም።

ከሻይ በኋላ በየትምህርት ቤታችሁ ትቀመጣላችሁ። የመስከረምና የጥቅምትን ፕሮግራም ይዛችሁ እንድትመለሱ እፈልጋለሁ፦ ማን የማን ክፍል እንደሚገባ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ፣ እሱን ማን እንደሚተካው። በስም ጻፉልኝ።